በጉድጓድ አፍ ላይ ፑሊ ሰቀልን፤ ክብደቱ ግን አልቀነሰም። ለምን?

የጣና ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እናቴ የምትኖረው ከባህር ዳር ወጣ ብላ ነው። ግቢዋ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ፣ 12 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ። ለዓመታት ስትቀዳ የኖረችው በጉድጓዱ አፍ ላይ በተጋደመ ግንድ ላይ ገመዱን እያስኬደች ነው። ገመዱ ግንዱን በልቶ ያወጣውን ቦይ ያየ ሰው ምን ያህል እንደለፋች ይገባዋል። አሁን ዕድሜዋም ገፍቷል፣ ወገቧንም ያማታል። ስለዚህ እኔና ወንድሜ ብየዳ ቤት ሄደን ኩሽኔታ ያለው ፑሊ አሠርተን በብረት ቋሚ ላይ ሰቀልንላት።

ከግንዱ በጣም ይሻላል፤ እሷም መርቃናለች። ግን በያጁ "ፑሊ ክብደቱን በግማሽ ይቀንሰዋል" ብሎን ነበር። እኔ ስስበው 20 ሊትሩ እጄ ላይ 20 ኪሎ ሆኖ ነው የሚሰማኝ። ግማሹ የት ሄደ? ችግሩ ፑሊው ነው ወይስ አሰቃቀላችን? ሌላ ፑሊ ብንጨምርበት ይቀላል? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። በጋው ገብቶ ውሃው ወደ ታች ከመሸሹ በፊት ላስተካክልላት እፈልጋለሁ።

ፊዚክስ በሰፈር

እህቴ፣ ፑሊውም አሰቃቀላችሁም ምንም አልሆነም። ከላይ ታስሮ ባለበት የሚሽከረከር ፑሊ ቋሚ ፑሊ ይባላል፤ ሥራው የጉልበትሽን አቅጣጫ መቀየር ብቻ ነው። አንቺ ወደ ታች ትስቢያለሽ፣ ባልዲው ወደ ላይ ይወጣል። ገመዱ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው አንድ ገመድ ስለሆነና ፑሊውም በቀላሉ ስለሚዞር ውጥረቱ በሁለቱም ወገን እኩል ነው፤ ባልዲው 20 ኪሎ ከሆነ ያንቺም እጅ 20 ኪሎ ይስባል።

በያጁ ያላችሁ ነገር እውነት የሚሆነው ፑሊው ራሱ ከዕቃው ጋር ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የገመዱን አንድ ጫፍ ከላይ ካለው ብረት ጋር እሰሪው፤ ገመዱን ወደ ታች አውርደሽ ባልዲው ላይ በተንጠለጠለ ፑሊ ሥር አሳልፊውና ሌላውን ጫፍ ወደ ላይ ሳቢው። አሁን ባልዲውን የያዘው ሁለት የገመድ ክፍል ነው፤ አንዱን ብረቱ ይዞልሻል፣ ሌላውን አንቺ። ሁለት ሰው ቃሬዛ ሲሸከም ክብደቱን እንደሚካፈለው ማለት ነው። ያንቺ ድርሻ 10 ኪሎ ይሆናል።

ሕጉ ይህ ብቻ ነው፦ የሚንቀሳቀሰውን ፑሊ የያዙትን የገመድ ክፍሎች ቁጠሪ። ሁለት ከሆኑ በሁለት፣ አራት ከሆኑ በአራት አካፍይ። ጠቅላላ የፑሊውን ብዛት አትቁጠሪ፤ ተማሪዎቼም ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚስቱት እሱን ነው።

አሁን ዋጋውን እንይ። 20 ኪሎ ለማንሳት 200 ኒውተን ያህል ጉልበት ያስፈልጋል። በ12 ሜትር ሲባዛ 2,400 ጁል ሥራ ነው። በተንቀሳቃሽ ፑሊ ጉልበቱ 100 ኒውተን ይሆናል፤ ባልዲው 1 ሜትር ከፍ እንዲል ግን ሁለቱም የገመድ ክፍሎች 1፣ 1 ሜትር ማጠር ስላለባቸው አንቺ 2 ሜትር ትስቢያለሽ። 100 በ24 ሲባዛ ያው 2,400 ነው። ፑሊ ሥራውን አይቀንስም፤ በጉልበት የምትከፍይውን በገመድ ርዝመት እንድትከፍይ ያደርግሻል።

ሰሚት ግንበኛ

መምህር ያለው ልክ ነው። እኔ ግን ቋሚውን ፑሊ ማንም እንዲንቅብኝ አልፈልግም። ሳይት ላይ ከምድር ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሞልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ቡኮ) ስናወጣ ብዙ ጊዜ ያለን አንድ ቋሚ ፑሊ ብቻ ነው፤ ሥራውም ይሄዳል። ምክንያቱ ወደ ላይ መሳብና ወደ ታች መሳብ ለሰው አካል አንድ ስላልሆኑ ነው። ወደ ላይ ስትስቢ ወገብና ክንድሽ ይለፋሉ፤ ወደ ታች ስትስቢ ገመዱ ላይ ዘንበል ብለሽ የራስሽን ክብደት ትጨምሪበታለሽ። ወገባቸውን ለሚያማቸው እናት ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። "መርቃናለች" ያልሽውም ለዚህ ይመስለኛል።

ገደብም አለው። መሬት ላይ ቆሞ በአንድ ቋሚ ፑሊ የሚስብ 60 ኪሎ ሰው 80 ኪሎ ማንሳት አይችልም። ከምድር የሚነሳው ራሱ ነው።

ጥ.መ. መሐንዲስ

ግንዱን ስለማንሳታችሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ትልቁን ትርፍ ያገኛችሁት እዚያ ላይ ነውና።

ገመድ በማይሽከረከር ነገር ላይ ሲያልፍ ሰበቃው (መፋተጉ) በተጠመጠመበት መጠን እየተባዛ ነው የሚያድገው። የገመድና የእንጨት የሰበቃ መጠን 0.3 ነው ብንል፣ ገመዱ ግንዱን ሩብ ዙር ብቻ ነክቶ ካለፈ ከክብደቱ 1.6 እጥፍ መሳብ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ዙር ከዞረ 2.6 እጥፍ ያህል ይደርሳል። ስለዚህ 20 ኪሎ ውሃ ለማውጣት እናትሽ እንደ አቋቋማቸው ከ32 እስከ 51 ኪሎ በሚደርስ ጉልበት ሲስቡ ነበር ማለት ነው። ኩሽኔታ ያለው ፑሊ ይህን ወደ 21 ኪሎ አውርዶታል። በወረቀት ላይ ቋሚ ፑሊ ጉልበት አይቀንስም ይባላል፤ እናንተ ቤት ግን ከቀድሞው አንጻር ቢያንስ ሲሶ ያህል፣ ሲበዛም ከግማሽ በላይ ቀንሷል።

ያው ሰበቃ ሲያወርዱ ደግሞ ረዳት ነው። ከባድ ዕቃ በገመድ የምታወርዱ ሰዎች ገመዱን ጠንካራ ምሰሶ ላይ አንድ ሁለት ዙር ጠምጥማችሁ እየለቀቃችሁ አውርዱ። ሙሉ አንድ ዙር ከሆነ በዚሁ ስሌት 100 ኪሎውን በ15 ኪሎ ያህል ጉልበት መያዝ ይቻላል። ሲነሳ ፑሊ፣ ሲወርድ ምሰሶ።

የጣና ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። እንግዲያው ባልዲው ላይ ተንቀሳቃሽ ፑሊ ላስገባለት? 10 ኪሎ ቢሆንላት ደስ ይለኛል።

ገጠር ውሃ

የኔ እህት፣ ተይው። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ለጉድጓድ ግን አይሆንም። በውሃ ሥራ ገጠር ለገጠር ስዞር ብዙ ጉድጓድ አይቻለሁ፤ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ሲወርድ ይጠማዘዛል። ባልዲው ሲሽከረከር ሁለቱ ገመዶች ይጠላለፉና ፑሊው መዞሩን ያቆማል፤ ያን ጊዜ 10 ኪሎ ቀርቶ በቀድሞው ጉልበትም አይወጣም። ሁለተኛ፣ ፑሊው ባልዲው ላይ ስላለ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ይገባል። ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ግሪሱም የምትጠጡት ውሃ ውስጥ ይቀራል። ሦስተኛ፣ እናትሽ በእያንዳንዱ ቅጂ 24 ሜትር ገመድ ይሰበስባሉ። ገመዱ መሬት ላይ ይከመራል፣ ጭቃና የከብት እበት ይነካል፣ ተመልሶ ጉድጓድ ይገባል። የጉድጓድ ውሃ ከሚበከልባቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው የገመድና የመቅጃው ነገር ነው። ከከመነዳሪ የተሰፋ መቅጃ መሬት ላይ የሚጥል ሁሉ ይህን ልብ ይበል።

ለናንተ የሚሻለው እጀታ ያለው መጠምጠሚያ ነው። አግዳሚ በርሜል፣ በሁለት ቋሚ ላይ በኩሽኔታ የተቀመጠ፣ ጫፉ ላይ የሚዞር እጀታ ያለው። ቁጥሩን ተመልከቺ፦ የበርሜሉ ውፍረት ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲሜትር ቢሆን ከመሐሉ እስከ ዳሩ 10 ሳንቲሜትር ነው። የእጀታው ክንድ 40 ሳንቲሜትር ይሁን። 40 ለ10 ሲካፈል 4 ነው፤ 20 ኪሎው በእጅ ላይ 5 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ዙር ገመዱ 63 ሳንቲሜትር ያህል ስለሚጠመጠም ለ12 ሜትር 19 ዙር ይበቃል። ገመዱ በርሜሉ ላይ ስለሚያርፍ መሬት አይነካም። ደክሟቸው መሐል ላይ ማረፍ ቢፈልጉም ይቻላል።

መሐል ላይ ማረፍ የሚቻለው ግን መያዣ ጥርስ ካለው ብቻ ነው። በርሜሉ ጎን የጥርስ ጎማና ወደ ኋላ መዞርን የሚከለክል ምላስ አስበይዱ። ይህን አደራ የምልሽ አለምክንያት አይደለም፤ እጀታ ያመለጠው ሙሉ ባልዲ በርሜሉን በኃይል ያሽከረክረዋል፣ እጀታውም ያገኘውን ክንድ ይሰብራል። ሲያወርዱ ምላሱን አንስተው እጀታውን እያዞሩ ያውርዱ እንጂ በነፃ አይልቀቁት።

ገንዘብ ካላችሁ ደግሞ የገመድ ፓምፕ አለ። በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ የካፖርት ቁልፍ የሚያካክሉ ላስቲኮች የታሰሩበት ገመድ ይዞራል፤ ከላይ ያለውን ጎማ ማዞር ብቻ ነው። ለ12 ሜትር በደንብ ይሠራል፤ የጉድጓዱንም አፍ ሙሉ በሙሉ ከድኖ መዝጋት ስለሚቻል ከሁሉም ንጹሑ እሱ ነው።

ፊዚክስ በሰፈር

ገጠር ውሃ፣ ድንቅ ማብራሪያ ነው። እጁ በአንድ ዙር 2.5 ሜትር ስለሚጓዝ በ19 ዙር 48 ሜትር ይሆናል፤ ጉልበቱ በ4 ሲቀንስ መንገዱ በ4 ጨመረ። ሒሳቡ ከፑሊው ጋር አንድ ነው፤ ርዝመቱ ግን በመሬት ላይ በተከመረ ገመድ ፈንታ በክብ መንገድ ላይ ተከፈለ።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ፤ ያለውን ቋሚ ፑሊ ሳይቀይሩ። በገመዱ ሁለት ጫፍ ሁለት ባልዲ ማሰር። ሙሉው ሲወጣ ባዶው ይወርዳል። ባዶው ባልዲ የሙሉውን ባልዲ የራሱን ክብደት ያጣፋውና የምትስቢው የውሃውን ብቻ ይሆናል። ለፕላስቲክ ባልዲ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ለከባድ የብረት ባልዲ ግን ይታወቃል።

ሊፍት ጥገና

ባለ ሁለት ባልዲው ሐሳብ በየቀኑ ሊፍት ውስጥ እየተሳፈራችሁበት ነው። የሊፍቱ ክፍል በአንድ ወገን፣ ሚዛን የሚጠብቅ የብረት ወይም የኮንክሪት ክብደት በሌላው ወገን፣ ገመዱም ከላይ በሞተሩ ጎማ ላይ ያልፋል። ሚዛኑ የሚሠራው ከባዶው ክፍል ክብደት በላይ የሙሉ ጭነቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ጨምሮ ነው። ስለዚህ ክፍሉ እስከ ግማሹ ያህል በሰው ሲሞላ ሁለቱ ወገን ይመጣጠናሉ፤ ሞተሩ የሚያሸንፈው ሰበቃውን ብቻ ይሆናል። ባዶ ሊፍት ወደ ታች ሲወርድ ሞተሩ የሚለፋው ለዚህ ነው፤ ከባዱ ሚዛን ወደ ላይ መነሳት አለበት።

ቄራ ጋራዥ

የእናንተን ውይይት ሳነብ ስለ ፓራንኮ ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። የኢሱዙ ሞተር ለማውጣት ጋራዥ ውስጥ የምንሰቅለው የሰንሰለት ማንሻ ነው። አንድ ቶን የሚያነሳው በእጅ ሲሳብ 30 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይበቃዋል፤ አንድ ልጅ እግር ረዳት ብቻውን ሞተር ያነሳል። መሐል ላይ ሰንሰለቱን ለቆ ቁልፍ ሊያመጣ ቢሄድ ሞተሩ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ይህ የሚሆነው በምንድን ነው? በገመድና በተራ ፑሊ የተነሳ ነገር እጅህን ስትለቅ ይወድቃል።

ጥ.መ. መሐንዲስ

ቄራ ጋራዥ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የዛሬዎቹ ውስጣቸው ጥርስና ፍሬን አለ፤ ጭነቱ ራሱ ወደ ታች ለመውረድ ሲሞክር ፍሬኑን ያጠብቀዋል። የመጀመሪያው ሐሳብ ግን ከዚህ የቀለለና ይበልጥ የሚያስደንቅ ነበር። ቶማስ ዌስተን የተባለ እንግሊዛዊ በ1854 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነው።

ከላይ ሁለት የሰንሰለት ጎማ በአንድ ዘንግ ላይ ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ። አንዱ በዙሪያው 10 የሰንሰለት ቀለበት ይይዛል፣ ሌላው 9። ጫፍ የሌለው አንድ ሰንሰለት በሁለቱም ላይ ያልፍና ከታች ጭነቱን የያዘውን ፑሊ ያቅፋል። አንድ ዙር ስታዞረው ትልቁ ጎማ 10 ቀለበት ወደ ላይ ይስባል፣ ትንሹ 9 ቀለበት ወደ ታች ይመልሳል። ልዩነቱ 1 ቀለበት ነው፤ እሱም ለሁለቱ የሰንሰለት ክፍሎች ስለሚካፈል ጭነቱ ከፍ የሚለው ግማሽ ቀለበት ብቻ ነው። አንተ 10 ቀለበት ሳብክ፣ ጭነቱ ግማሽ ቀለበት ተነሳ። 20 እጥፍ ማለት ነው፤ በሦስት ጎማ ብቻ። ሁለቱ ጎማዎች መጠናቸው በተቀራረበ ቁጥር እጥፉ ይጨምራል።

ታዲያ ለምን ራሱን ችሎ አይወርድም? በሰበቃው ምክንያት። አንድ ማንሻ ከምትከፍለው ሥራ ከግማሽ በላይ በሰበቃ የሚበላ ከሆነ ጭነቱ ብቻውን ወደ ኋላ ሊያዞረው አይችልም። የዌስተን ማንሻ ከዚህ ወገን ነው። ስለዚህ በወረቀት 1 ቶን በ50 ኪሎ ማንሳት ያለበት በተግባር ከ100 ኪሎ በላይ ይጠይቃል፤ ጥርስ ያላቸው የተተኩበትም ለዚህ ነው። እኔ በግሌ ግን ሰበቃን እንደ ፍሬን ያሠራው ሐሳብ ሁሌም ያስደስተኛል።

ናሆም 21

እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የገመድ ክፍል በጨመረ ቁጥር የሚቀል ከሆነ 10 ወይም 20 ፑሊ ደርድረን አንድ ሕፃን ቤት የሚያክል ነገር እንዲያነሳ ለምን አናደርግም?

ጥ.መ. መሐንዲስ

እያንዳንዱ ፑሊ የሚበላው ስላለ ነው። ኩሽኔታ የሌለው፣ በቡሎን ላይ የሚሽከረከር ፑሊ ገመዱ ባለፈበት ቁጥር 10 በመቶውን ውጥረት ይበላል ብለን እናስብ። ከእጅህ 100 የወጣው ከአንደኛው ፑሊ በኋላ 90፣ ከሁለተኛው በኋላ 81፣ ከዚያ 73፣ ከዚያ 66 ይሆናል። አራት ክፍል ያለው ማንሻ በወረቀት 4 እጥፍ ነው፤ በተግባር ግን እነዚህን ስትደምር 3.1 ነው። ስድስት ክፍል ብታደርገው 6 ሳይሆን 4.2። የመጀመሪያዎቹ አራት 3.1 ሰጡህ፣ ቀጣዮቹ ሁለት 1.1 ብቻ ጨመሩ። ባለ 20 ብታደርገው የመጨረሻዎቹ ገመዶች ላልተው ብዙም አይሸከሙም፤ በ10 በመቶ ብክነት ስንት ብትጨምር 9 እጥፍን አታልፍም።

ጥሩ ኩሽኔታ ካለውና ብክነቱ 3 በመቶ ከሆነ አራት ክፍሉ 3.7 ይሰጣል። 200 ኪሎ ለማንሳት በአንደኛው 65 ኪሎ፣ በሁለተኛው 54 ኪሎ መሳብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ፑሊ ከመጨመሩ በፊት ኩሽኔታ ይግዛ።

ዱባይ ክሬን

ናሆም፣ ክሬን ላይም ይኸው ነው። እኔ የምሠራበት ታወር ክሬን መንጠቆውን በ2 ገመድ ወይም በ4 ገመድ ማሠራት ይቻላል። በ4 ስናደርገው ሊያነሳ የሚችለው እጥፍ ይሆናል፣ የመንጠቆው ፍጥነት ግን በግማሽ ይወርዳል። ቀላል ዕቃ በብዛት በሚወጣበት ቀን በ2፣ ከባድ ነገር በሚነሳበት ቀን በ4። ሞተሩ ያው ነው፣ የብረት ገመዱም ያው ነው። ፎርማኑ "ለምን ዘገየ?" ሲል የምመልስለት የመምህሩን መልስ ነው፤ ርዝመቱን እየከፈልን ነው።

የማነሳው ደግሞ ስለ ገመድ ነው። ፑሊው ለገመዱ በጣም ትንሽ ከሆነ ገመዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ክሮቹ ውስጥ ውስጡን ይበጣጠሳሉ። ከውጭ ደህና ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልቋል። የብረት ገመድ በጓንት ሲዳሰስ የሚወጋ ክር ካለው ጊዜው አልፏል። ናይሎንም ቢሆን የተላጠና የደረቀ ከሆነ ቀይሩት፤ ፀሐይ ይጎዳዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፤ ይህን ክር ሳነብ አንድ ሲያስጨንቀኝ የኖረ ነገር ተፈታልኝ። ጂም ውስጥ ባለው የገመድ ማሽን 40 ኪሎ በቀላሉ እስባለሁ፤ ያንኑ 40 ኪሎ በብረት ሳነሳ ግን አልችልም። ዛሬ ሄጄ ከኋላ ተመለከትኩት፦ ክብደቱ የተሰቀለበት ላይ ተንቀሳቃሽ ፑሊ አለ፣ በሁለት ገመድ ተይዟል። እጄ 2 ሜትር ሲሄድ ክብደቱ 1 ሜትር ነው የሚወጣው። ታዲያ እስካሁን ስስብ የነበረው 20 ኪሎ ነው?

ፊዚክስ በሰፈር

አዎ፣ 20 ኪሎና የሰበቃው ድርሻ። የዚህ ዓይነት ማሽን ሆን ተብሎ እንዲህ ይሠራል፤ ለረጅም እንቅስቃሴ በቂ ገመድ እንዲኖርና ክብደቱ በፍጥነት እንዳይዘል። ሁሉም ማሽን ግን እንዲህ አይደለም። አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ማሽኖች ላይ የተጻፈው አንድ ቁጥር አንድ ላይሆን ይችላል፤ ከኋላ ገመዱን ቆጥሮ ማየት ነው።

ሲስተር አጥንት ክፍል

እኛ ጋ ፑሊ ዕቃ አያነሳም፤ እግር ይስባል። የጭን አጥንት የተሰበረ ሕመምተኛ አልጋው ግርጌ ላይ ቋሚ ፑሊ ይታሰርና ከእግሩ የተነሳው ገመድ በእሱ ላይ አልፎ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ፑሊው ወደ ታች የሚሄደውን ክብደት ወደ ጎን የሚስብ ኃይል ያደርገዋል። መምህሩ "አቅጣጫ መቀየር ብቻ" ያለው እኛ ዘንድ ሙሉ ሕክምና ነው።

አስታማሚዎች ይህን እወቁልኝ። ክብደቱ በነፃ መንጠልጠል አለበት። መሬት ከነካ፣ አልጋው ላይ ካረፈ ወይም አዝናችሁለት በእጃችሁ ከደገፋችሁት መሳቡ ይቆማል፣ አጥንቱም ከቦታው ይንሸራተታል። ገመዱ ከፑሊው ጎድጎድ ወጥቶ ጎን ላይ ሲሰበቅ ካያችሁም ነርስ ጥሩ፤ ከላይ እንደተባለው ሰበቃው ከክብደቱ ላይ ይበላል፣ እግሩ ላይ የሚደርሰውም የታዘዘው አይሆንም።

የድሮ ነገር

ስለ ታሪኩ ጥቂት ልበል። የግሪኩ ሊቅ አርኪሜድስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን በሲሲሊ ደሴት ባለችው በሲራክዩስ የኖረ ነው። የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደጻፈው ለንጉሥ ሂሮን ሊያሳይ ብሎ ብዙ ሰው በስንት ድካም ወደ የብስ ያወጣትን ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ ከነሰውና ከነጭነቷ፣ ራቅ ብሎ ተቀምጦ በተደራራቢ ፑሊ በእጁ ሳባት። በኋላ ሮማዊው ቪትሩቪየስ ባለ 3 እና ባለ 5 ፑሊ ማንሻዎችን ገልጿል።

እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን በእንግሊዝ ያለው የፖርትስመዝ የባሕር ኃይል ወደብ ነገር ነው። የሸራ መርከብ ሸራውን የሚያነሳውና የሚያወርደው በፑሊ ስለሆነ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ፑሊ ይፈልግ ነበር፤ ሁሉም በእጅ ይጠረብ ነበር። ማርክ ብሩኔል ነድፎ ሄንሪ ሞድስሌይ የሠራቸው ማሽኖች በ1800ዎቹ መጀመሪያ ተተከሉ። በ1808 (እ.ኤ.አ.) 130,000 ፑሊ በአንድ ዓመት አመረቱ፤ የ110 ባለሙያ ሥራ በ10 ሰው ተሠራ። አንድ ዓይነት ዕቃ በብዛት በማሽን የማምረት ታሪክ ከሚጠቀስባቸው ቀዳሚ ቦታዎች አንዱ ይህ የፑሊ ፋብሪካ ነው።

ሐውዜን

ደብረ ዳሞ የወጣችሁ ወንዶች ታውቁታላችሁ፤ 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ነው የሚወጣው። አንዱን ገመድ ይዘህ ትወጣለህ፣ ሌላው ወገብህ ላይ ታስሮ መነኩሴው ከላይ ይስብልሃል። ሩብ ዙር 1.6 እጥፍ የሚለውን ሳነብ ያ ከዓለቱ ጫፍ ላይ የሚስብ ሰው ምን ያህል ክንድ እንዳለው ገባኝ።

ቀለም ቀቢ

አንድ ጥያቄ ላምጣ፣ በሥራችን የምንከራከርበት ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በገመድ በተንጠለጠለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ገመዱ ከጣሪያ በታሰረ አንድ ቋሚ ፑሊ ላይ ያልፋል። ሌላውን ጫፍ እሱው ራሱ ይዞ ይስባል። ስንት ኪሎ ይስባል? ባልደረባዬ 70 ነው ይላል፣ ቋሚ ፑሊ ስለሆነ።

ናሆም 21

70 ነው። ከላይ ተብሏል እኮ፣ ቋሚ ፑሊ አይቀንስም።

ፊዚክስ በሰፈር

35 ነው። የቆጠራውን ሕግ ተጠቀሙበት፦ የሚንቀሳቀሰው አካል ሰውየውና ወንበሩ ነው። እሱን ወደ ላይ የያዘው ስንት የገመድ ክፍል ነው? አንዱ ወንበሩን፣ ሌላው እጁን። ሁለት ነው። ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ ቢሆን እጁ ውስጥ ያለው ገመድ ሸክሙን አይዝም ነበር፤ እዚህ ግን ሳቢው ራሱ ሸክሙ ነው። 1 ሜትር ለመውጣትም 2 ሜትር ገመድ በእጁ ያልፋል፤ ወንበሩ ላይ ስትሆን ለካው።

ሰሚት ግንበኛ

መምህር፣ እዚህ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ስላለ ልግባ። ሰውየው ራሱን ሲስብ ጣሪያው ላይ ያለው ማሰሪያ የሚሸከመው 70 ኪሎ ነው፤ 35 እና 35። አሁን ደክሞት ገመዱን መሬት ላይ ላለ ጓደኛው ቢሰጠው ጓደኛው 70 መሳብ አለበት፤ ማሰሪያው ላይም 70 እና 70፣ 140 ኪሎ ያርፍበታል። ሰውየው አልተለወጠም፣ ወንበሩም አልተለወጠም፤ ማሰሪያው ላይ ያለው ጭነት ግን እጥፍ ሆነ። ገመዱን በመቀበል ብቻ!

ማንኛውም ሰው ቋሚ ፑሊ ሲሰቅል ይህን ያስብ። 200 ኪሎ በአንድ ቋሚ ፑሊ ስታነሱ ምሰሶው 400 ኪሎ ነው የሚሸከመው፤ ሰበቃውና የሚነጥቀው ሲጨመር ከዚያም ይበልጣል። በአራት ክፍል ብታደርጉት 200 ሲደመር 50፣ 250 ነው። ማለትም ፑሊ መጨመር ለእጃችሁ ብቻ ሳይሆን ለምሰሶውም ያቀልለታል። አጣና ላይ ፑሊ ሰቅለው ፌሮ የሚስቡ ልጆችን ሳይ ሁልጊዜ የምናገረው ይህን ነው። በማናቸውም ሁኔታ ከተንጠለጠለ ነገር ሥር አትቁሙ።

የጣና ልጅ

ይህን ሁሉ ጊዜ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ከወንድሜ ጋር ተነጋግረን እጀታ ያለውን መጠምጠሚያ ልናሠራ ወስነናል፤ ምላስና ጥርሱን ጨምሮ። ያሉን ሁለት የብረት ቋሚዎች ግን መሬት ውስጥ ብዙም አልገቡም። ለ20 ኪሎ ይበቃሉ?

ገጠር ውሃ

ለክብደቱ ይበቃሉ፤ የሚያሳስበው መወዛወዙ ነው። እጀታ ሲዞር ቋሚውን በየዙሩ ወደፊትና ወደኋላ ይገፋዋል፤ ያልጠለቀ ብረት በጥቂት ወር ውስጥ ይላላል። 60 ሳንቲሜትር ቆፍራችሁ በኮንክሪት ሙሉት፣ ሁለቱን ቋሚ ከላይ በአግዳሚ አያይዙት። በዚያው እጃችሁ የጉድጓዱን አፍ ከፍ አድርጋችሁ ግንቡት፣ ዙሪያውንም ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ንጣፍ አድርጉለት፤ የፈሰሰው ውሃ ተመልሶ እንዳይገባ። ክዳኑንም አትርሱ። በግንዱ ፈንታ የሰቀላችሁትን ፑሊ አትጣሉት፤ መጠምጠሚያው ከአፉ ራቅ ብሎ ከተተከለ ገመዱን ወደ መሐል ለመምራት ይጠቅማል።

ሰባተኛ ለ

ሁሉንም አነበብኩ። 7ኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ትምህርት ቤታችን ፑሊ የለውም። ሰሌዳ ላይ ስስለው ተማሪዎቹ ይገለብጡታል እንጂ አያምኑትም። ያለ ዕቃ የሚታይ መንገድ አለ?

ፊዚክስ በሰፈር

አለ። ሁለት የመጥረጊያ እንጨትና አምስት ስድስት ሜትር ለስላሳ ገመድ አምጪ። ሁለት ጠንካራ ተማሪዎች አንድ አንድ እንጨት በሁለት እጃቸው ይዘው በአንድ ሜትር ርቀት ፊት ለፊት ይቁሙ። የገመዱን ጫፍ አንዱ እንጨት ላይ እሰሪና በሁለቱ እንጨቶች መካከል ሦስት አራት ጊዜ አመላልሺው፤ ገመዶቹ እንዳይደራረቡ ጎን ለጎን ይሁኑ። ነፃውን ጫፍ ከክፍሉ በአካል ትንሿ ለሆነችው ልጅ ስጫትና ትሳብ፤ ሁለቱ እንጨቶቹን አራርቀው ለመያዝ ይታገሉ። ታቀራርባቸዋለች።

እንጨቱ ሻካራ ከሆነ ሰበቃው ስለሚያሸንፋት ቀድመሽ በሳሙና እሺው። ከዚያ ሳሙና ያልነካው እንጨት ላይ ድገሚውና ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። ሁለቱ እንጨቶች 10 ሳንቲሜትር ሲቀራረቡ በልጅቷ እጅ ስንት ሳንቲሜትር ገመድ እንደወጣም በማስመሪያ አስለኪያቸው፤ የገመዱን ክፍሎች ቆጥረው በ10 ሲያባዙ የሚያገኙት ያንኑ ነው። ጣታቸው በገመዱና በእንጨቱ መካከል እንዳይገባ ብቻ ጠብቂ።